የእትዬ የስህተት ደብተር

በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የንድፍ ክፍል ኃላፊ «ሊቁ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት የበታቾቹ ናቸው፤ እሱ ግን ከአክብሮት ቆጥሮት ደስ ብሎት ተቀብሏል።

ሊቁ የማያስተምረው ነገር የለም። እርሳስ አቀራረጽ ያስተምራል፤ በር አዘጋግ ያስተምራል፤ ሃያ ዓመት በትዳር የኖረውን ሰው ሚስት አያያዝ ያስተምራል። የራሱ ሚስት እህቷ ዘንድ ከከተመች ሁለት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ደግሞ በምሳ ሰዓት ጎ የሚባለውን ጨዋታ ማስተማር ይዟል።

ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው። ቁመቱም ወርዱም መስመር በተሰመረበት ሰሌዳ ላይ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጠጠር በየተራ ያስቀምጣል፤ ሰፋ ያለ ቦታ አጥሮ የያዘ ያሸንፋል። ጎበዙ ነጩን ይይዛል። ደካማው እንዳይዋረድ፣ ገና ሳይጀመር ጥቁር ጠጠሮች በቅድሚያ ይደረደሩለታል፤ ቢበዛ ዘጠኝ። ዘጠኝ የተሰጠው ሰው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ታዝኖለታል።

ሊቁ ለእትዬ ዘጠኝ ይሰጣታል።

እትዬ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት፤ ሃምሳን የተሻገረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት። የሥራ ውሏ በየሦስት ወሩ የሚታደሰው በሊቁ ፊርማ ነው። ስለዚህ «ነይ ተቀመጪ» ሲላት የምሳ ዕቃዋን ከድና ትቀመጣለች።

«ጠጠር እንዲህ አይያዝም፤ ምን ያሞላቅቅሻል?» ይላታል፣ በሌባ ጣቷና በመሃል ጣቷ መካከል አድርጋ ስታስቀምጥ። እሱ በአውራ ጣቱ እንደ ክኒን ቆንጥጦ ያሳያታል።

«እሺ ጌታዬ።»

«ደግሞ እዚህ ጥግ ላይ ምን አሸሸሽ? ዘጠኝ ጠጠር ይዘሽ?»

«ልቤ ራደብኝ።»

«ልብሽን ቤትሽ አስቀምጠሽው ነይ።»

በመጨረሻ ሲቆጠር እትዬ በሦስት ነጥብ ተሸንፋለች። እሱም እጁን ያፋትጋል። «አይዞሽ፣ ሰው ከስህተቱ ነው የሚማር። ጨዋታውን ጽፈሽ ነገ አምጪልኝ።»

በማግስቱ ታመጣለታለች። ባለካሬ ደብተር ላይ፣ ከመጀመሪያው ጠጠር እስከ መጨረሻው፣ በተራ ቁጥር፣ ጥርት ባለ እጅ። ሊቁ ቀይ እስክሪብቶውን ያወጣና ስህተቷን እየከበበ ይወርዳል። «የመዝገብ ቤት ሰው መደርደር አያቅተውም» ይላል ላገኘው ሁሉ፤ «ማሰቡ ነው ችግሩ።»

እሱን የሚያሰጋው ሌላ ሰው ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ይገተራል። ያያል። ጨዋታው ሲያልቅ ብርጭቆው ውስጥ ይስቅና ይሄዳል።

«ምን ያስቅሃል?» አለው አንድ ቀን ሊቁ።

«ምንም። ሲያስተምሩ ደስ ይሉኛል።»

ሊቁ ነገሩ ወዲያው ገባው። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ሊወጣ ነው። ለወንበሩ የታጩት እሱና ይኸው የግምጃ ቤቱ ሰው ናቸው። መራጩ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የለየለት የጎ ሰው ነው፤ ቢሮው ሰባት ዋንጫ ደርድሯል፣ በመሥሪያ ቤቱ የገጠሙትን ሁሉ ሻያቸው ሳይበርድ ሸኝቷቸዋል። «ይኼ ሌባ ስልቴን ሊሰርቅ ነው የሚቆመው» አለ ሊቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን እየዘጋ አስተማረ።

ያንን ወንበር አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆታል። ምክትሉ በታመመ ጊዜ ሁለቴ ገብቶ ተቀምጦበታል። ጀርባው ልኩ ነበር።

ከዚያ ከሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ መጣ። «ምክትል ማለት ሰው የሚያበቃ ማለት ነው። ሁለታችሁም ሰው ስለማስተማራችሁ ማስረጃ ይዛችሁ ሐሙስ ጠዋት በየተራ ቅረቡ።»

ሊቁ ሁለቴ አንብቦ ሳቀ። ግምጃ ቤቱ ማንን አስተምሯል? ምስማርን? እሱ ደብተሩ አለው። አርባ ጨዋታ፣ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ስህተት፣ በቀይ።

ደብተሩን ሲጠይቃት እትዬ አመነታች።

«ባይወስዱት ይሻላል ጌታዬ።»

«ታፍሪያለሽ እንዴ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ አታስቢ። አንቺ ስለ ጥግሽ አስቢ።»

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ገለጠ። አንድ ገጽ። ሌላ ገጽ። ወደ ኋላ ተመለሰ። መነጽሩን አወለቀና ጠርጎ መልሶ አደረገ።

«አርባውንም በሦስት ነጥብ ነው ያሸነፏቸው?»

«አዎ ጌታዬ። ቅስሟን ልሰብረው ስላልፈለግኩ ነው» አለ ሊቁ። ነገሩ የመጣለት አሁን ነበር፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ራሱም አመነው።

«ዘጠኝ ሰጥተው፣ ሁልጊዜ በሦስት።»

«ማስተማር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።»

«ማን ጻፈው?»

«እሷው ናት። የእጅ ጽሑፏ እንኳ አይከፋም።»

«እየተጫወቱ?»

«የለም የለም፣ ጠጠሩ ሳጥኑ ከገባ በኋላ። ቤቷ ሄዳ።»

ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ተነስቶ የራሱን ሰሌዳ አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የነጩን ጠጠር ሳጥን ወደ ማዶ፣ ሊቁ ፊት ገፋው። ጥቁሩን ወደ ራሱ ሳበና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ዘጠኝ ጠጠር ለራሱ ደረደረ።

ሊቁ ዓይኑን ማመን አቃተው። የሰባት ዋንጫ ጌታ ከእሱ ዘጠኝ ሊወስድ ነው። ግምጃ ቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ባየ ብሎ ተመኘ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ አንዷን ነጭ ጠጠር በአውራ ጣቱ ቆነጠጣት።

«ጠጠሯን ያስቀምጡና ከወንበሩ ይነሱልኝ» አለው ሥራ አስኪያጁ፤ «ደብተሩን የጻፉትን እሳቸውን ይጥሩልኝ።»