ቅዳሜ ቅዳሜ አስራ ሁለት ሙፊን

«ስሚኝ የኔ ልጅ... እኔ እኮ ሙፊንሽን ቀምሼው አላውቅም!»

ሄርሞን ካርቶኑን እንደያዘች ሱቁ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

ሴትዮዋ ሐሚዳ ይባላሉ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ስር ሱቅ አላቸው። ስምንት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አስራ ሁለት ሙፊን በቴሌግራም የሚያዙት እሳቸው ናቸው።

ሌላ ጊዜ የሚያደርሰው ሞተረኛ ነበር። ዛሬ ሞተሩ ተበላሸበትና ራሷ መጣች።

ቆይ ግን... ሄርሞን ማናት?

እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር አካባቢ በተከራየቻት አንድ ክፍል ቤት ኢንግሊሽ ሙፊን እየሰራች የምትሸጥ ልጅ ናት።

ኬክ እንዳይመስላችሁ! በሹካ ተከፍሎ ቅቤ የሚቀባ ጠፍጣፋ ዳቦ ነው። ኦቭን እንኳን አይፈልግም... ሊጡን በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጥና፣ በደረቅ መጥበሻ፣ በቀስታ እሳት፣ እያገላበጠች ታበስለዋለች።

ሙያው የእናቷ የትብለጽ ነው። ትብለጽ ፈረንጆች የሚያርፉበት ገስት ሃውስ ምግብ አብሳይ ነበረች።

ሊጡ እንዳይጣበቅ ከስሩ የበቆሎ ዱቄት ይነሰነሳል። አንድ ቀን ቤቷ ስትሰራ የበቆሎ ዱቄት አለቀባት... ምን ታድርግ? በሶ ነሰነሰችበት!

ባሏ፣ የሄርሞን አባት አቶ ገብረእዝጊ፣ ቀምሰው «ከዛሬ ጀምሮ በበሶ ብቻ!» አሉ። በቃ፣ የቤቱ ህግ ሆነ።

ከዛ ትብለጽ አረፈች...

ሄርሞን የባንክ ስራዋን ለቃ «የእማዬን ሙፊን ልሸጥ ነው» ስትል አባቷ ጮኹባት።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ሊጥ ልታቦኪ ነው?! ውጪልኝ!»

ወጣች። ይኸው ሶስት ዓመት።

በየበዓሉ ትደውላለች... አያነሱም። ቤት ቀይረዋል ሲባል ሰምታለች፤ የት እንደገቡ የነገራት የለም።

ግን ሙፊን በሰራች ቁጥር የመጀመሪያውን ለብቻ ታስቀምጣለች። የአባቷ ድርሻ ነው። ማንም አይመጣም... ከሰዓት ራሷ ትበላዋለች።

ወደ ሱቁ እንመለስ።

«ታዲያ ለማን ነው የሚያዙት እትዬ?»

«አራተኛ ፎቅ ላሉ ሽማግሌ ጎረቤቴ። የሚገርምሽ... ስኳር አለባቸው፤ ዳቦ ክልክል ነው!»

«እና ምን ያደርጉታል?»

«እኔ ምን አውቄ! አንዷ ደንበኛዬ ካንቺ ገዝታ አቀመሰቻቸው። አንዴ ገመጡ። ወላሂ እንባቸው መጣ! ከዛ ወዲህ በየሳምንቱ እዘዢልኝ ይሉኛል። አንዱን ያነሱና ከስሩ ያለውን ዱቄት በጣታቸው ጠረግ አድርገው ይቀምሳሉ። ‹ደህና ናት› ይላሉ። ሌላውን ለጥበቃዎቹ ያድላሉ።»

ሄርሞን የበሩን ቁጥር ብቻ ጠየቀች። ካርቶኑን አቅፋ ደረጃውን ሮጠችው።

አንኳኳች...

በሩ ተከፈተ። አባቷ ናቸው። ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ ከስተዋል።

ሶስት ዓመት ያጠራቀመችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«አባ... ያዘዝከውን አምጥቼ ነው» አለች።

እሳቸውም ካርቶኑን ከፈቱ። አንዱን አነሱ። ከስሩ ጠረግ አድርገው ቀመሱ።

«በሶው በዝቷል» አሉ። «እናትሽ እንዲህ አታበዛም ነበር።»

ከዛ እዛው በሩ ላይ አቅፈዋት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

እውነቱን ልናገር? እኔ በሰውዬው ተናድጃለሁ! ስልክ ማንሳት ምን ይከብዳል?

ግን አንዳንድ ሰው «ናፍቀሽኛል» ማለት አይችልበትም... የማይበላውን ዳቦ በየሳምንቱ ያዛል።

ያ ሞተር ባይበላሽ ኖሮ አባትና ልጅ እስከ ዛሬ በካርቶን ብቻ ነበር የሚገናኙት። ወገኖቼ፣ ናፍቆታችሁን በሰው እጅ አትላኩ... ራሳችሁ ሂዱና አንኳኩ።

እስቲ እናንተ ሄርሞንን ብትሆኑ... ሶስት ዓመት ስልካችሁን ያላነሳ አባት በሩን ሲከፍት ታቅፉታላችሁ ወይስ ካርቶኑን አስቀምጣችሁ ትመለሳላችሁ? ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።