ሁለተኛው ጉርሻ

ማይሊን የሚባለውን የነርቭ ሽፋን ለዘመድ መስጠት ከተቻለ ወዲህ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው «ለማን ሰጠህ?» ይባላል እንጂ አይታዘንለትም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋሽ ደባልቄ የሰጡት ለልጃቸው ለምንታምር ነው። ሐኪሙ ነርቭን ስለሚጠብቁት ፕሮቲንና ስብ ሲያብራራ፣ «ገባኝ፤ ሽቦዋ ተልጧል። ከእኔ ወስደህ አልብሳት» አሉት።

ዛሬ ምንታምር በእግሯ እየሄደች ድንኳኑ ውስጥ ገባች፤ ሙሽራ ናት። አባቷ ሊያጎርሷት እጃቸውን ሲዘረጉ ከዳቸውና ወጡ ነጭ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ጋሽ ደባልቄ ግን አንገታቸውን አልደፉም፤ ዓይናቸው ከቀሚሱ ሥር ቀጥ ብለው በቆሙት እግሮች ላይ ነበር።

ምንታምር ለዓመታት አልታዘዝ ያላትን ጉልበቷን አጠፈችና አፏን ወደሚንቀጠቀጠው እጅ አቀረበች።

«አባዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገመኝ እንጂ!»