ከሀጂ በፊት የሚነሳ

ቡታጅራ፣ አስፋልቱ ዳር ባለው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሥራ የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሠራተኛው የሚወጣው ግን ባለቤቱ ሀጂ ሙስተፋ ሲነሱ ነው። ሀጂ ደግሞ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ ሶላት ካልደረሰ አይነሱም።

ባሂራ ከተቀጠረች ወር አልሞላትም። የማታ ትምህርቷ ላይ በየቀኑ እየዘገየች ነው። አስተማሪዋ ትናንት፣ «ከእንግዲህ ብትዘገዪ ፈተና አትቀመጪም» ብሏታል። ከሥራ ብትባረር ደግሞ የትምህርቱን የሚከፍልላት የለም።

«ዛሬ በሰዓቴ ልወጣ ነው» አለች በሹክሹክታ።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ይታገሱ የቀለም ጣሳ መወልወላቸውን አላቆሙም። ጣሳው ከጠዋት ጀምሮ ሲያብረቀርቅ ነው የዋለው።

«አብደሻል? አባትሽ የሚሆኑ ሰው ተቀምጠው? እኔ እንኳ በዚህ ሽበቴ ቀድሜያቸው ወጥቼ አላውቅም።»

«ሥራ እኮ የለም ጋሼ። አሁን ምን እየሠራን ነው?»

«ምን አገባሽ! የዛሬ ልጆች ስትባሉ… ዝም ብለሽ ወልውዪ። እያዩሽ ነው።»

እውነትም እያዩ ነበር። ሀጂ ከቢሯቸው መስታወት ጀርባ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ቃኙ። ሁሉም እጁን አፈጠነ። ሀጂ በረጅሙ ተነፈሱና ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ጠቆረ።

ስልካቸው ጮኸ። ከቤት ነበር።

«ገና ናቸው» ሲሉ ተሰማ፤ ዐይናቸውን ከሠራተኞቹ ላይ አልነቀሉም።

«ሰማሽ?» አሉ ጋሽ ይታገሱ፣ ሌላ ጣሳ እያነሱ። «ሥራችንን እየለኩ ነው።»

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ባሂራ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። መጥረጊያውም ጨርቁም በየእጁ ላይ ቀጥ አለ።

«ሀጂ… ሰዓት ደርሷል። ልሂድ።»



ወደ በሩ አመራች። ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ፈጣን እርምጃ ተከተለ።

«ቁሚ!»

አለቀልኝ፣ አለች በልቧ። ቀስ ብላ ዞረች። ሀጂ ኮታቸውን ደርበው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው ፊቷ ቆመዋል። ወደኋላ ዞር ብለው የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አረጋገጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ! ሰው እየሠራልኝ ጥዬ መውጣት ነውር ሆኖብኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አንዳችሁ እስክትነሱ ስጠብቅ!»