የጎደሉት ስድስት ሰዓታት

በቤተ ሙከራው ሁሉም «ባለወፍጮዋ» ይላታል። ወፍጮዋ ግን እህል አያውቅም። የአሉሚኒየም ዱቄትና ከዱቄትም የደቀቀ የሴራሚክ ብናኝ ከብረት ኳሶች ጋር ወፍራም ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው ሲሽከረከር ኳሶቹ እየወቀጡ ሁለቱን ያዋህዷቸዋል። ከዚያ ዱቄቱ በሙቀት ተጠቅጥቆ ዘንግ ይሆናል፤ ቀላል፣ ግን ጠንካራ። አማቷ ልጃቸው ባለወፍጮ አግብቶ አንድ ቀን እንኳ ዱቄት ወደ ቤት እንዳልገባ ለጎረቤት እየተናገሩ ይስቃሉ።

የመጀመሪያው ዙር ሃያ ሰዓት መፈጨት ነበረበት። በአሥራ አራተኛው ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለላት፤ አማቷ ደረጃ ላይ ወድቀዋል። ወፍጮውን አጥፍታ ሮጠች። በማግስቱ ስትመለስ ጣሳው ተከፍቶ ዱቄቱ ወደ መጠቅጠቂያው ሄዷል። መዝገቡ ላይ የሰዓቱ ቦታ ባዶ ነበር። «ሃያ» ብላ ጻፈችበት።

ሁለተኛውን ዙር የፈጨው ባልደረባዋ ነው። አንድ ደቂቃ ሳያጎድል ሃያ አደረሰው። ጣሳውን ሲከፍት ዱቄቱ ጠቆር ብሎ፣ ኳሶቹም ተልጠው ብረታቸው ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ አገኘ። መፍጨት ማለት እንዲህ ነው ብሎ ኮራባት።

ከእያንዳንዱ ዙር ዘንጎች አንድ አንድ መሰላል ተሠራ። ዘንጎቹ ተጎትተው ሲፈተኑ ሁለቱም ዙሮች አለፉ፤ ሁለተኛው እንዲያውም በለጠ። ሸክም እየጫኑ እያነሱ የሚፈትኑበት ረጅሙ ሙከራ ግን ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው የመጀመሪያው መሰላል እንዲሞከር ለእሳት አደጋ ጣቢያ ተሰጠ። ባሏ የሚሠራው እዚያ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ባሏ መሰላሉን አደነቀ። በአንድ እጅ እንደሚነሳ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጡበት ትንሽ እንደሚወዛወዝ ነገራት። ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ጠየቀችው። እጁን እንደ ሸንበቆ አወዛወዘና ሳቀ። እሷ ሳህኗን ገፋች።

ከዚያ ወዲያ የእሳት አደጋ መኪና ሲጮህ በሰማች ቁጥር ሥራዋን ጥላ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ጩኸቱ እስኪርቅ ትንፋሿን ትይዛለች። አማቷ ፊቷ አመድ መምሰሉን አይተው ምን እንደነካት ቢጠይቋት ራሴን አሞኝ ነው አለች። አንድ ከሰዓት ጣቢያው ድረስ ሄዳ ልምምዱን ተመለከተች። ባሏ መሃል ላይ ሲደርስ መሰላሉ ሲጢጥ አለ። ጣቷን ነክሳ ቆመች። ሲወርድ ይህን መሰላል እንዲተወው ለመነችው።

«አንቺ የሠራሽውን እኔ ካልወጣሁበት ማን ይውጣበት?» አላት።

እውነቱን ሳትነግረው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከዚህ በላይ አልቻለችም። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ዶክተር፣ ሃያ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። የመጀመሪያው ዙር የተፈጨው አሥራ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ባሌ የሚወጣው እሱ ላይ ነው።»

ዶክተሯ ስልኩን አንስታ ወደ ጣቢያው ደወለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው መሰላል ከመኪናው ወርዶ ሁለተኛው ተጫነ። ዶክተሯ ነገሩን ረጅሙን ሙከራ ለሚያካሂደው ሞካሪም ነግራ ውጤቱን እንዲያፋጥን አዘዘችው። ለባለወፍጮዋ ደግሞ፣ ቅጣቱ በኋላ እንደሚመጣ፣ አሁን ግን ተቀምጣ ውሃ እንድትጠጣ ነገረቻት።

ባሏ ራሱ ደወለላት። አዲሱን ወጥቶ ሞክሮታል፤ ድርቅ ያለ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር እስከ ሆዷ ወረደላት።

እኩለ ቀን ላይ ሁለት የእሳት አደጋ መኪኖች እየጮሁ በመስኮቱ ሥር አለፉ። ከመንገዱ ማዶ ካለው የመኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ጭስ ይወጣል። መሰላሉ ሲዘረጋ፣ ባሏም የራስ ቁሩን አጥብቆ የመጀመሪያውን እርከን ሲረግጥ ከዶክተሯ ቢሮ መስኮት ሆና አየችው። ትንፋሿን አልያዘችም። ሁለተኛው ፎቅ ደረሰ፤ ሦስተኛውን አለፈ። በላይ በኩል ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል።

ሞካሪው አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። ለመቀመጥ እንኳ አልጠበቀም።

«ዶክተር፣ የአሥራ አራት ሰዓቱ አንድም ዘንግ አልተሰበረም፤ የሃያ ሰዓቱ ግን በሙሉ እንደ ጠመኔ ተሰብሯል።»