ሳይሰናበቱ መውጣት

ቃሊ የግቢውን በር ከውጭ ዘግታ ትቆማለች። ደብተሯን በጅልባቧ ሥር ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ከበሩ ወዲያ ውሻው ቦቢ እስካሁን ድምፁን አላሰማም።

የጎልማሶች ትምህርት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ልጇ ሮብሌ ለሥራ ጅግጅጋ ከሄደ ወዲህ ግን ውሻው ብቻውን መቅረት አልቻለም፤ እሷ እግሯ ሲወጣ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። እዚያው ግቢ የምትኖረው አከራይዋ ማርያን ትናንት ቁርጡን ነግራታለች፦ ዛሬ ከጮኸ ነገ በባጃጅ ተጭኖ ከከተማው ዳር መልካ ጀብዱ ይጣላል። ሮብሌ ደግሞ በደወለ ቁጥር ከእናቱ ጤና ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ቦቢ ነው።

ጥፋቱ የራሷ መሆኑን የነገራት የእንስሳት ሐኪሙ ነው። በወጣች ቁጥር አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «ነበድ ገልዮ»፣ በሰላም ዋል እያለች፣ ዱዓ እያደረገች፣ እመለሳለሁ ብላ እየማለች ነበር የምትሰናበተው። እንዲያ ያልተሰናበተ ሰው ምኑን ሰው ነው? ሐኪሙ ግን፣ አንቺ ስትጨነቂ እሱ ክፉ ነገር የመጣ ይመስለዋል፤ ዝም ብለሽ ውጪ፣ እየጮኸም እንዳትመለሺ፣ ጩኸቱ የመለሰሽ ይመስለዋል አላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እስከ ሱቁ፣ ከዚያም እስከ መስጊዱ ደርሳ መመለስን አለማመደችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻውን ሲቆይ ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ግቢውን እንደ ሌባ አቋርጣ ወጣች።

ጥፍር ብረቱን ይቧጭራል። ከዚያ ቀጭን ለቅሶ ይነሳል። የቃሊ እጅ እጀታው ላይ ያርፋል። ብትገባ የሁለት ሳምንት ልፋቷ ገደል ይገባል፤ ባትገባ ማርያን ትሰማለች።

ሰምታለች። የማርያን በር ይከፈታል፤ ነጠላ ጫማዋ ግቢውን እያንጣጣ ይመጣል። በርጩማ ይጎተታል።

«አጠገቤ አትምጣ፣ ውዱእ አለኝ፣ የሶላት ትጥበቴን እንዳታረክስብኝ» ትላለች ማርያን ውሻውን። «ደሞ ምን ያስለቅስሃል? እኔንስ መች ተሰናበተችኝ? የአስራ ሁለት ዓመት ጎረቤቷን!»

ለቅሶው ይቆራረጣል። ማርያን ወቀሳዋን ትቀጥላለች፤ ሰው ፊደል ስለቆጠረ ሰላምታ ይረሳል ወይ፣ እያለች ለውሻው አቤት ትላለች። ቦቢ አንዴ ያነጥሳል። ከዚያ በበሩ ሥር የሚታየው ጥላው ይጋደማል።

ቃሊ እጇን ከእጀታው ታነሳለች። የእርምጃዋ ድምፅ እንዳያሳብቅባት ጫማዋን አውልቃ ትይዛለች፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣውን ኮብልስቶን በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ትሄዳለች።