መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ

«ከአርባ ምንጭ እስከ ምዕራብ ዓባያ ከእኔ የበለጠ ሞተር የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። አባቴንም ጨምሮ!» እያልኩ ነው ሞተሩ ቀጥ የሚለው።

ዓባያ ሐይቅ መሃል ነን። ጀልባ ነጂው ጋሽ ካሱ የማስነሻውን ገመድ ይጎትታል። ሞተሩ ክርር ይልና ዝም። ደግሞ ይጎትታል። ዝም።

«ምን ሆነ?» ትላለች እትዬ ዙሁራ። ጊዲቾ ደሴት ወስዳ የምትሸጠውን የሳሙና ካርቶን እንደ ልጅ አቅፋዋለች።

«ይነሳል እትዬ፣ አታስቢ። ትናንት እኔው ነኝ የሠራሁት።»

እዚህ ሐይቅ ላይ ሰው የሚሻገረው በጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ነው። እኛ አርፍደናል። ያስረፈድኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ዳር ላይ አቁሜ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳሳያቸው። የድሮ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ናቸው፣ በዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩት። አፍንጫቸውን በድንገት ወደ ታች ሲደፉ ሞተራቸው ይጠፋ ነበር። ባጃጅ ጉብታ ዘሎ ሲወርድ ሆዳችሁ ወደ ላይ ይመጣ የለ? ለሞተሩ ነዳጁን የሚመጥነው ካርቡሬተር ውስጥ ያለው ቤንዚንም እንደዚያው ወደ ጣሪያው ይዘላል። ሞተሩ ይራባል። ከዚያ ደግሞ ቤንዚኑ ከልክ በላይ ይገባና ያንቀዋል። ጠላት ከኋላ እየመጣ፣ አብራሪው ቁጭ ብሎ ሞተሩ እስኪመለስለት ይጠብቃል።

የጋሽ ካሱ ሞተርም ጀልባዋ ከማዕበል ጫፍ በወረደች ቁጥር ትንሽ ያስል ነበር። ለእንግሊዞቹ መላ ያገኘችላቸው ሴት መሐንዲስ ናት፤ ቤንዚኑ በልኩ ብቻ እንዲያልፍ መሃሏ የተበሳ ሮንዴላ ሠራችላቸው። ሴት ናት ስባል ለእኔ የተላከ መልእክት መሰለኝ። ከለስላሳ ቆርኪ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፣ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ በሳሁባት፣ ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ቀርቅሬ በብሎን አሰርኳት። ለማንም አልተናገርኩም። ሲገርማቸው ልነግራቸው ነበር።

«ቤንዚን አለው?» እላለሁ።

ጋሽ ካሱ ጄሪካኑን ይነቀንቃል። ግማሽ አለ። ቱቦውን ነቅዬ መዳፌ ላይ ጠብ ሳደርገው ከቤንዚኑ ጋር ጥቁር ደቃቅ ነገር ይወርዳል።

«ከየት ገዛኸው ጋሼ?»

«ከየት እገዛለሁ? ማደያው ሰልፍ ነው። ከመንገድ፣ በሃይላንድ።»

ለእንግሊዞቹ ቤንዚን በውሃ ላስቲክ ማንም አልሸጠላቸውም። ይሄ ቆሻሻ ድሮ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን የት እንደተወተፈ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ግን ቀላል ነው። አንድ ብሎን መፍታት ነው፣ በአስር ቁጥር ቁልፍ። ከኪሴ አወጣለሁ። ያኔ ጀልባዋ ከትልቅ ማዕበል ላይ ትወድቃለች፣ ሆዴ ወደ ላይ ይመጣል፣ እርጥብ ጣቶቼ ይከፈታሉ። ቁልፏ ፊቴ ፊት አየር ላይ ቆም ትላለች። ለአንድ አፍታ። ከዚያ ቡናማው ውሃ ውስጥ ጥልቅ።

በጣቶቼ እሞክራለሁ። በቀሚሴ ጠቅልዬ እሞክራለሁ። በጥርሴ ሁሉ። ብሎኑ ንቅንቅ አይልም፤ ትናንት አጥብቄ ያሰርኩት እኔ ነኛ።

ነፋሱ ጀልባዋን በጎኗ ይዞ ወደ ሸምበቆው ይነዳናል። እዚያ ሸምበቆ ውስጥ ምን እንደሚተኛ የሐይቁ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እትዬ ዙሁራ ካርቶኑን ትታ ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ በጆግ እየቀዳች ትደፋለች። ጋሽ ካሱ በጣውላ ይቀዝፋል። ጋሽ ካሱ ዋና ይችላል። አዞም ይችላል።

«ጋሼ…» እላለሁ። «ሮንዴላ አስገብቼበታለሁ።»

«የምን ሮንዴላ?»

እነግረዋለሁ። ሁሉንም፣ ከነቆርኪው። መቅዘፉን ያቆማል።

«ምን ሆነ ብለሽ?»

«ያስል ነበራ።»

«እኔስ ሃያ ዓመት ሙሉ አስል የለ? አንድ ቀን ሞቼ ታውቂያለሽ?»

እትዬ ዙሁራ ቀና ትላለች። «እንግሊዞቹ ሮንዴላዋ ሳትመጣ በፊት ምን ያደርጉ ነበር?»

«አውሮፕላኑን በጀርባው ገልብጠው ነበር ወደ ታች የሚወርዱት። ሲገለበጥ ቤንዚኑ ወደ ቦታው ይሄዳል።»

ማዕበል ጎናችንን ይመታል። ሦስታችንም ወደ አንድ ወገን ሸርተት እንላለን፤ የሳሙናው ካርቶን ተንሸራቶ እግሬን ይመታኛል።

«ያ አላህ! እሱስ ቢሆን ምን ቀረን?» ትላለች።

ማንም አይስቅም። ስልኬን አወጣለሁ፤ ኔትወርክ የለም። ሸምበቆው አሁን አንዱ ከአንዱ ተለይቶ ይታያል። ብሎኑን ደግሜ እይዘዋለሁ፤ ጣቴ ይደማል፣ እሱ እንዳለ ነው። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልችልበትም።

«ግን እኮ እትዬ፣ ሞተራቸው አየር ላይ ጠፍቶባቸው በሕይወት የተረፉ ብዙ ናቸው።»

እትዬ ዙሁራ ጆጉን ውሃ ሞልታ ትደፋለች። ዞር ብላም አታየኝ።

«ፓራሹት ነበራቸዋ!»