ጤነኛው ብረት

ተማሪዋ ብረት ተስቦ ሲበጠስ እንደሚሞቅ በሙከራ ካላሳየች ዓመቱን ትደግማለች። የላቦራቶሪው ሙቀት መለኪያ ስለተሰበረ፣ በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረውን ከዘበኛው ከጋሽ ሽብሩ ተዋሰች። እሳቸውም ስላላመኗት ተከትለዋት ገቡ።

ማሽኑ ብረቱን ወጠረው፤ መለኪያው 36.5 አለ። ብረቱ ቀጠነ፤ 36.5። ጓ ብሎ ተበጠሰ፤ አሁንም 36.5።

«ብረትሽ ጤነኛ ነው፤ አንቺ ግን ወድቀሻል» አሉ ፈታኟ መምህር አምሳሉ። መለኪያውን ነጥቀው የሚፋጀው ሻያቸው ላይ ደገኑት። 36.5።

«ጋሽ ሽብሩ! ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሲያስገቡ የከረሙት በዚህ ነው?»

«እኔማ እንደማይሠራ ተናግሬ ነበር፣ መምህር። ‹ኮሚቴያችን ነው መርምሮ የገዛው፣ አርፈው ይደግኑ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

መምህሩ ሻያቸውን ፉት አሉ።

«ሙከራው ግሩም ነው፤ አልፈሻል» አሏት፣ መለኪያውን ኪሳቸው እየከተቱ።